መብራት ተርፎኝ ነበር

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ጉርድ ሾላ አካባቢ የነበረ አንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮውን ዘግቶ ዕቃውን በጨረታ ሸጠ። የሄድኩት የመጽሐፍ መደርደሪያ ልገዛ ነበር። የተመለስኩት ስምንት የሶላር ፓነልና የፓነሉን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር አንድ ኢንቨርተር አስጭኜ ነው። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ የጭነት መኪናው ላይ መደርደሪያውን በዓይኗ ፈለገች፤ አጣችው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ንብ ያረባል፤ ወይ የዕድር ጸሐፊ ይሆናል። አንተ ፀሐይ ልታረባ ነው?»

ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። ኤሌክትሪክ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ በጠመኔ ስስል ኖሬ፣ የገዛ ቤቴ መብራት ግን መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚሄድ አላውቅም ነበር። ቤታችን ከላምበረት መናኸሪያ በላይ፣ መንገዱ ወደ እንጦጦ መውጣት ሲጀምር ያለው ዳገት ላይ ነው። የመስመሩ መጨረሻ ነን። ከእኛ በላይ ባሕር ዛፍ እንጂ ቆጣሪ የለም። ከታች ያሉት ምድጃቸውን ሲለኩሱ የእኛ አምፖል ይደክማል፤ ከታች ላሉት ሲጠፋባቸው ለእኛ ቀድሞ ጠፍቷል።

ፓነሎቹን ጣሪያዬ ላይ የገጠመልኝ የሰፈራችን ኤሌክትሪሽያን ነው። እጁ ጎበዝ ነው፤ ችግሩ «አይሆንም» የሚል ቃል አለማወቁ ነው። የኢንቨርተሩን መመሪያ አብረን አነበብን። ማሽኑ ያለ ባትሪ የሚሠራ፣ ከመንግሥት መስመር ጋር ተጣምሮ የሚኖር ዓይነት ነው። ፀሐይ ስትወጣ መጀመሪያ ቤቱን ያበላል፤ ከቤቱ የተረፈውን በመጣበት ሽቦ ወደ ውጭ ይልካል።

ቁጭ ብዬ አሰላሁ። ቀን ቀን ቤታችን ውስጥ መብራት የሚበላው አንድ ፍሪጅና አንድ ሬዲዮ ነው። የቀረው ሁሉ ሊተርፍ ነው። በዚያው ሬዲዮ፣ ሰዎች በጣሪያቸው ያመነጩትን ኃይል ወደ መስመሩ የሚያስገቡበት ደንብ ሊመጣ እንደሆነ ሰምቼ ነበር። ከመስመሩ መጨረሻ ሆኜ ለአገር መብራት ስሰጥ ታየኝ። ልብሴን ቀየርኩ፤ ከረባት ሁሉ አሰርኩ፤ ፈቃድ ልጠይቅ ወደ መብራት መሥሪያ ቤቱ ቅርንጫፍ ወረድኩ።

መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«አዲስ ኃይል ጠያቂ ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«ብልሽት?»

«የለብኝም።»

«ታዲያ ምን ፈልገው ነው?»

«ኃይል ልሰጥ ነው።»

አሁን ቀና አለች። «ለማን?»

«ለእናንተ።»

ጎኗ ካለችው ጋር ትንሽ ተንሾካሾከች። ከዚያ ወደ ቅሬታ መስኮት ይሂዱ ተባልኩ። እዚያ ወረፋ ይዤ ደርሶኝ፣ ቅሬታዬ ምን እንደሆነ ስጠየቅ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ «መብራት ተርፎኝ ነው» አልኩ። ከኋላዬ የቆመ አንድ ሰው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። «አባባ፣ እኔ ሦስት ቀኔ ነው ጨለማ ውስጥ ከተቀመጥኩ። ካላስቸገርኩዎ ይለፉኝ።» አሳለፍኩት።

በመጨረሻ የቅርንጫፉ ኃላፊ ዘንድ ገባሁ። ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠኝ፣ በጥሞና ሰማኝ።

«የሚሸጡ ከሆነ ንግድ ፈቃድ ያምጡ» አለኝ።

«አልሸጥም። ይውሰዱት፤ በነጻ ነው።»

«በነጻ ከሆነ እርዳታ ነው። እርዳታ የሚቀበለው ሌላ ክፍል ነው።»

«የትኛው ክፍል?»

«ገና አልተቋቋመም።»

ቢሆንም ባዶ እጄን አልሸኘኝም። ክፍሉ እስኪቋቋም ማስረጃዬን እንዳዘጋጅ መከረኝ፤ ጣሪያው የእኔ ስለመሆኑ ከወረዳ ደብዳቤ እንዳመጣ። ወረዳ ሄድኩ። የወረዳው ሠራተኛ የቤቱን ካርታ ገልብጦ ገልብጦ አየና ካርታው መሬቱን እንጂ ጣሪያውን እንደማያሳይ ነገረኝ። ሁለት ቀን ተመላልሼ የተሰጠኝ ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ «ግለሰቡ ከቤታቸው በላይ ጣሪያ ያላቸው መሆኑን እናረጋግጣለን።» ማኅተሙ ደማቅ ነበር።

ደብዳቤውን ይዤ ስመለስ ኃላፊው አንዲት ወጣት መሐንዲስ ጠርቶ ፋይሌን ሰጣት። ልጅቷ ገና ሳትቀመጥ «ኢንቨርተሩ ስንት ኪሎዋት ነው?» አለችኝ። በዚያ ግቢ ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። ግንባሯን ልስማት ምንም አልቀረኝም።

በማግስቱ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ ቤቴ መጣች። ሽቦውን፣ ጣሪያውን፣ ማሽኑን አየች። ከዚያ ሁለት ነገር አስጠነቀቀችኝ።

«አንደኛ፣ ያለዎት ቆጣሪ የሚገባውንና የሚወጣውን አይለይም፤ ያለፈበትን ሁሉ ይቆጥራል። ሁለቱን የሚለይ ቆጣሪ እስኪመጣ እንዳያገናኙት። ሁለተኛ፣ መስመሩ ላይ መብራት ሲጠፋ ይህ ማሽን አብሮ ይጠፋል። ተበላሸ ብለው እንዳይነካኩት። ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።»

«ፀሐይ እያለች ይጠፋል?»

«ይጠፋል። መስመሩ ሲሞት ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሚጠግን ሰው አለ፤ ሽቦውን ሙት ነው ብሎ ይጨብጣል። እርስዎ ከዚህ በኩል ከላኩበት ይገድሉታል።»

«ገባኝ» አልኳት። በእርግጥም ገብቶኝ ነበር። ፈተና ብትሰጠኝ ሙሉ አገኝ ነበር።

ቆጣሪው አልመጣም። አንድ ወር ጠበቅሁ፤ ሁለት ወር። ኤሌክትሪሽያኑ በበራችን ባለፈ ቁጥር ጣሪያውን እያየ ከንፈሩን ይመጥጣል። «መምህር፣ ይህች ፀሐይ በከንቱ ወጥታ በከንቱ ስትገባ አያሳዝንዎትም?» አሳዘነችኝ። አገናኘነው። በወሩ መጨረሻ የመጣው ሂሳብ ከወትሮው እጥፍ ነበር። ቆጣሪው ለአገር የሰጠሁትን እኔው እንደበላሁት ቆጥሮታል።

ባለቤቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ለቤተ ክርስቲያን ብትሰጠው ቢያንስ ጸሎት ነበረው» አለች።

የባሰው ግን መብራት የጠፋ ቀን መጣ። ሰፈሩ ሁሉ ጣሪያዬን ስላየ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ መብራት ሲሄድ ጎረቤቶች ስልካቸውንና ገመዳቸውን ይዘው ደጃፌ ተሰበሰቡ። ከፊት የቆሙት ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላቸው ሐጂ ነበሩ፤ ፍሪጃቸው ውስጥ ያለ ወተት ሊበላሽባቸው ነው። በሩን ከፍቼ የእኔም ቤት እንደጠፋ ነገርኳቸው። ሐጂ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ወደ ሰማይ አዩ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

«እንዴ መምህር፣ ፀሐይዋንም የሚያጠፏት እነሱ ናቸው?»

ስለ ምሰሶው ሠራተኛ ማስረዳት ጀመርኩ። ሰው ሲስቅ ማስረዳት ከባድ ነው። ሠላሳ ዓመት ክፍል ውስጥ የሳቀብኝን አንበርክኬያለሁ፤ እነዚህን ግን ምን ላድርጋቸው? ስማችንም ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጨለማ አምራቹ ቤት» ሆነ።

ኤሌክትሪሽያኑ በሳምንቱ መላ ይዞ መጣ። ከአንዲት ባትሪ ጋር የተያያዘች ትንሽ ኢንቨርተር ናት። መስመሩ ሲሞት ትንሿ ለትልቁ «መስመሩ አለልህ» ብላ ትዋሸዋለች፤ ትልቁም አምኗት ይነሳል። «አንድ ሕግ ብቻ አላት» አለኝ። «መጀመሪያ ዋናውን ማጥፊያ ዝቅ ያደርጋሉ፤ ቤቱ ከውጭው ሽቦ ይለያያል። ከዚያ ነው ትንሿን የሚያስነሷት። ይህን ከረሱ ኃይሉ ወደ ምሰሶው ይወጣል።» እንዳልረሳ ማጥፊያው አጠገብ ግድግዳው ላይ በትልቁ በጠመኔ ጻፍኩት፦ «መጀመሪያ ዋናው ዝቅ!»

ለመሐንዲሷ አልነገርኳትም። ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነው ብል ውሸት ነው። «አይሆንም» ትለኛለች ብዬ ነው።

ከዚያ ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰፈሩ ስልኩን እኔ ቤት ይሞላ ጀመር። ስማችን ተቀየረ። ሐጂ ለመንገደኛ ሳይቀር ጣሪያዬን እያመለከቱ «የመምህር ፀሐይ አትጠፋም» ይላሉ። እኔም መንገድ ላይ ስሄድ ቀስ ብዬ መራመድ አመጣሁ።

በመጨረሻ ቆጣሪው መጣ፤ ብቻውን ግን አልነበረም። ከቅርንጫፉ ኃላፊ ስልክ ተደወለልኝ። ቤቴ «ሞዴል» ሆኖ እንደተመረጠ፣ ከላይ አንድ ትልቅ ሰው መጥተው እንደሚመርቁት፣ ካሜራም እንደሚኖር ነገረኝ። በሁለት ቀን ውስጥ የበር መንገዴ ተጠረገ፤ ድንኳን ተተከለ። ባነሩ ከቆጣሪው ቀድሞ ደረሰ። ቆጣሪው የሚሰቀልበት፣ ዋናው ማጥፊያም ያለበት ግድግዳ ለካሜራ አይሆንም ተብሎ ቀለም ቀቢ ተላከ፤ እስከ ጣሪያው ድረስ ነጭ ቀባው። እኔ ገበያ ነበርኩ። ስመለስ አየሁትና ማማሩን ብቻ አሰብኩ።

በምረቃው ቀን ጠዋት ነፋስ ነበር። ከእኛ በታች፣ ሁለት ምሰሶ ራቅ ብሎ፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ወድቆ ሽቦውን በጠሰው። ከተበጠሰበት በላይ የቀረነው ሦስት ቤት ብቻ ነን፤ የእኔ ቤት፣ የሐጂ ሱቅና አንድ ሌላ ጎረቤት። በሰፈራችን የተበጠሰ ሽቦ እስኪጠገን የሚፈጀው ጊዜ በቀናት ነው የሚቆጠረው፤ በዚያ ቀን ግን ትልቁ ሰው ሊመጡ ነውና ጠጋኙ በግማሽ ሰዓት ደረሰ። መሰላሉን ተሸክሞ በድንኳኑ አጠገብ ሲያልፍ ማንም ሰላም አላለውም። እኔም አላልኩትም።

ትልቁ ሰው ግን ሽቦው ሳይቀጠል ደረሱ። ፕሮግራም ስለተያዘባቸው መጠበቅ አይችሉም ተባለ። ዜጎች ከተጠቃሚነት ወደ አመንጪነት ስለመሸጋገራቸው ንግግር አደረጉ፤ ጥሩ ንግግር ነው፤ ከረባቴን አስተካከልኩ። ከዚያ ለክብራቸው የተዘጋጀውን አረንጓዴ ቁልፍ ተጫኑ። ድንኳኑ ዙሪያ የተሰቀሉት አምፖሎች ሊበሩ ይገባ ነበር። አልበሩም። ደግመው ተጫኑ። ካሜራ የያዘው ሰው ካሜራውን ዝቅ አደረገ።

ኃላፊው ወደ መሐንዲሷ ጎንበስ አለ። «አስነሺው።»

«መስመሩ ከሌለ አይነሳም።»

«ፀሐይ አይደለም እንዴ? ይኸው ፀሐይ!»

«አይነሳም ጌታዬ። የተሠራው እንዲያ ነው። ምሰሶ ላይ ሰው አለ።»

«ለአምስት ደቂቃ ብቻ። ፎቶ እስኪነሱ።»

«ለአምስት ሰከንድም አይሆንም» አለችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ፈርታ፣ ግን አለችው።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። ትልቁ ሰውም ዞሩ። አጥር ላይ የተደረደሩት ጎረቤቶቼ ሁሉ «የመምህር ፀሐይ አትጠፋም» እንዳሉ እያዩኝ ነው። እዚያ ጋ ዝም ማለት እችል ነበር። ይህን ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ዝም ማለት ምንም አያስከፍለኝም ነበር።

«እኔ አንድ መላ አለኝ» አልኩ።

መሐንዲሷ «ምን መላ?» ስትል እኔ ወደ ቤት ገብቻለሁ። ግድግዳው ፊት ቆምኩ። ነጭ ነው፤ አንድም ጽሕፈት የለበትም። የሆነ ነገር የጎደለ መሰለኝና እጄን አንስቼ ቆየሁ። ከውጭ ኃላፊው «ምሁራችን አሁን ያስነሱታል!» ሲል፣ ሰውም ማጨብጨብ ሲጀምር ሰማሁ። ትንሿን ኢንቨርተር አስነሳኋት። ትልቁ ጥቂት አመነታ፤ ከዚያ አመናት።

አረንጓዴው ቁልፍ ለሦስተኛ ጊዜ ተጫነ፤ አምፖሎቹ በሩ። ጭብጨባው ደመቀ። ከጭብጨባው በላይ ከመንገዱ ማዶ የሐጂ ድምፅ መጣ።

«መብራት መጣ! አልሐምዱሊላህ፣ መብራት መጣ!»

የሐጂ ሱቅ ከእኔ ቤት ጋር የሚገናኘው በምሰሶው ሽቦ ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ይህን ለመረዳት ሦስት ሰከንድ ያህል ፈጀብኝ። እግሬ ከመንቀሳቀሱ በፊት መሐንዲሷ ገፍታኝ ገባችና ዋናውን ማጥፊያ ዝቅ አደረገችው። ዝቅ ሲል «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ ተያይዘን ዳገቱን ቁልቁል ሮጥን። እኔ ከትምህርት ቤት ስፖርት ወዲህ አልሮጥኩም ነበር።

ጠጋኙ ምሰሶው ላይ በቀበቶው ተደግፎ ወደ ኋላ ለጠጥ ብሏል። በአንድ እጁ ሽቦው ላይ ኃይል መኖሩን የሚፈትሽበት ቴስተር ይዟል። ሌላው እጁ ባዶ ነው፤ ወደ ደረቱ ሰብስቦታል።

«ማነው?» አለ ከላይ። «ማነው የለኮሰው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ቀስ ብሎ ወረደ። ጓንቱን አውልቆ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። መሐንዲሷ ተጎድቶ እንደሆነ እጁን እያገላበጠች አየች። ምንም አልሆነም።

«አለቃዬ መስመሩ ሙት ነው፣ ቶሎ ቀጥለህ ውረድ አለኝ» አለ። «ከመጨበጤ በፊት በቴስተሩ ነካ አደረግሁት፤ በራ። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ቆይቻለሁ፤ ሙት ነው ሲሉኝ አንድ ቀን አምኜ አላውቅም። ዛሬ ባምናቸው ኖሮ ልጆቼ ለቅሶ ይቀመጡ ነበር።»

ተንበረከክሁ። እዚያው አቧራው ላይ፣ በከረባቴ፣ ይቅርታ ለመንኩት። አነሳኝ፤ ሽማግሌ እግሬ ላይ አይወድቅም አለ። ከዚያ ጠየቀኝ።

«መምህር ናቸው አሉኝ። የምን መምህር ነበሩ?»

«የፊዚክስ።»

ይህን አውጥቶ አውርዶ አሰበው። «እኔ ፊዚክስ ወድቄ ነው እዚህ ሥራ የገባሁት» አለ።

ስንመለስ ድንኳኑ ባዶ ነበር። ትልቁ ሰው አምፖሎቹ በበሩበት ጊዜ ፎቶ ተነስተው ወደ ሌላ ምረቃ ሄደዋል። ኃላፊውም ተከትሏቸዋል። በማግስቱ ሬዲዮው ፕሮጀክቱ በተሳካ ሁኔታ ሥራ እንደጀመረ ተናገረ። ባለቤቴ ለእንግዶቹ ያዘጋጀችው ምግብ እንዳለ ነበርና ጠጋኙን ባነሩ ሥር፣ ለትልቁ ሰው በተዘጋጀው ወንበር ላይ አስቀምጣ አበላችው። ለእኔ ያቀረበችልኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

መሐንዲሷ አልበላችም። ትንሿን ኢንቨርተር በፊቷ እንድፈታ አደረገችኝ። እያንዳንዱን ሽቦ ስፈታ ከላዬ ቆማ ትቆጥራለች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች።

«እዚያ ቢሮ ስለ እርስዎ ስከራከር ነበር የከረምኩት» አለችኝ። «እኚህ ሰው ያውቃሉ፣ ሲነገራቸው ይገባቸዋል እያልኩ።»



ሪፖርቱን እንደሆነው ጻፈችው። ኃላፊው «ሰው ሊሞት ነበር» የሚለውን «ጠቃሚ ተሞክሮ ተቀስሟል» በሚለው እንድትቀይር ጠየቃት፤ እምቢ አለች። ቀይሮ የላከው እሱ ራሱ ነው፤ እሷ ግን የራሷን ቅጂ ከኔ የእምነት ቃል ጋር አያይዛ በሌላ በኩል ለዋናው መሥሪያ ቤት ላከች። ቃሌን የጻፍኩት አንድ ሌሊት ሙሉ ስሰርዝ ስደልዝ አድሬ ነው፤ በአራት ገጽ ጀምሬ በስድስት መስመር ጨረስኩት። ሁለታችንም የጠበቅነው ተግሣጽ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ የመጣው ግን አንድ የብረት ሳጥን ነው። ከግቢዬ ውጭ ምሰሶው ላይ ተሰቀለ። ውስጡ ማጥፊያ አለ፤ ጠጋኝ ከመውጣቱ በፊት የእኔን ጣሪያ ከመስመሩ ለይቶ በገዛ ጓጉንቸሩ ይቆልፈዋል። እንደ እኔ ላለ ሰው ሁሉ ግዴታ ሆኗል ተባለ። ማመልከቻው ላይ ግን ጣሪያ እንዳለን የሚያረጋግጠው ደብዳቤ አሁንም ይጠየቃል።

አዲሱ ቆጣሪ ሥራውን ያውቃል፤ የገባውን በገባ፣ የወጣውን በወጣ ይጽፋል። መብራት ሲጠፋ እኛም ከሰፈሩ ጋር እንጠፋለን። መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤቶቼ ተቆጡ፤ ሐጂ ግን የዚያን ቀን ምሰሶው ሥር ሮጠው ከደረሱት አንዱ ስለነበሩ፣ ስልኩን ይዞ ደጄ የሚመጣውን ሁሉ ከሱቃቸው ሆነው ይመልሱልኛል። «ተወው፣ ምሰሶ ላይ ሰው ይኖራል» ይሉታል።

ጠጋኙ ወደ እኛ አቅጣጫ በተላከ ቁጥር ጎራ ማለት ለመደ። ባለፈው ክረምት ወደ አሥረኛ ክፍል ያለፈች ልጁን ይዟት መጣ። ደብተሯን ከፍቼ አየሁት፤ ፊዚክሱ አልሆነላትም። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አስጠናታለሁ። ጥያቄ ታበዛለች። አንዳንዱን እመልስላታለሁ፤ አንዳንዱን ደግሞ፣ ድሮ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አድርጌው የማላውቀውን፣ «ይህን አባትሽ ይሻላል፤ እሱን ጠይቂው» እላታለሁ።